ስክሪኑ «ሲግናል የለም» ሲል፦ ከመፍረድ በፊት ማጣራት



ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ነው፤ ታብሌትን ከትልቅ ስክሪን ጋር ስለማገናኘት ነው። «ይህ ደግሞ ምኑ የዲን ጉዳይ ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ስክሪኑ የተገዛው በጀመዓ ገንዘብ ከሆነ፣ የእናቶቻችን ትምህርት በእሱ ላይ ከተንጠለጠለና በእሱ ሰበብ የአንድ ልጅ ክብር ከተነካ ጉዳዩ አማና ሆኗል ማለት ነው። አማና ደግሞ ከዲን ውጭ አይደለም። ስለዚህ ትንሽ ታገሱን፤ ከፊሉ ስለ ገመድ፣ ከፊሉ ስለ ሰው ነው።

የነገሩ መነሻ

በመስጂዳችን የሴቶች መስገጃ ፎቅ ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ የተጅዊድ ደርስ አለ። ኡስታዙ ከታች ተቀምጦ በነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ያስተምራል፤ ሴቶቹ ድምፁን በስፒከር ይሰማሉ። ሰሌዳውን ግን አያዩም።

ተጅዊድን የቀራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የእኛ አማርኛ «ሀ» እና «ሐ»ን በጽሑፍ ይለያል እንጂ በአፍ አይለይም። አማርኛ ሲናገር ያደገ ሰው ዐረብኛው ሃእ እና ሓእ ሲነበቡለት ጆሮው አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። ሲን፣ ሷድና ሣእም እንደዚያው ይምታቱበታል። ስለዚህ ጀማሪ ሰው ፊደሉን እያየ፣ የምላሱን ቦታ በስዕል እየተመለከተ መማር ያስፈልገዋል። ድምፅ ብቻውን አይበቃውም። አንዲት ሐጅያ እናታችን በልጃቸው በኩል የላኩብን መልእክት አሁንም ከጆሯችን አልጠፋም፦ «እናንተ ፊደሉን ታያላችሁ፤ እኛ ድምፁን ብቻ እንሸመድዳለን። የተሳሳተ ብንሸመድድስ ማን ያውቅልናል?»

ይህ ንግግር ከተሰማ በኋላ ጀመዓው ተንቀሳቀሰ። ከጁሙዓ በኋላ መዋጮ ተሰበሰበ። እንጀራ ሸጣ ቤተሰቧን የምታስተዳድር እህት ሳትቀር ድርሻዋን ሰጠች። በዚያ ገንዘብ አንድ ቴሌቪዥን ተገዝቶ ፎቅ ላይ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። በሳዑዲ የሚሠራ አንድ ወንድማችን ደግሞ ኡስታዙ ኪታቡን ከፍቶ በጣቱ እያሰመረ እንዲያስተምርበት አንድ ታብሌት ላከ፤ አላህ ምንዳውን ይክፈለው። ከታብሌቱ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያገናኝ አዳፕተርና ረዘም ያለ ገመድ ከመርካቶ መጣ። የቀረው መሰካት ብቻ ነበር።

ተሰካ። ቴሌቪዥኑ በሰማያዊ መደብ ላይ «ሲግናል የለም» ብሎ ጻፈ። ተነቀለ፣ እንደገና ተሰካ። «ሲግናል የለም»።

ታብሌቱን የሰካው የመስጂዱን ማይክ የሚያስተካክለው፣ ምንጣፍ የሚያነሳውና የሚያነጥፈው ደረሳ ነው። ገና ልጅ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ወሬው ከታብሌቱ ወደ ልጁ ዞረ። አንድ አባት «ሲሰካው አስገድዶት ነው፤ አፉን ሰብሮታል» አሉ። ሌላው «ትናንት ከእጁ ሲወድቅ ያየ ሰው አለ» ብሎ ጨመረ። ያየው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን አልተገኘም። በስልክ የተጠየቀ አንድ ጠጋኝ ዕቃውን ሳያይ «ፖርቱ ሄዷል፣ ይቀየር» አለ። ከኮሚቴው መሃል «አዲስ ታብሌት እንግዛና እንገላገል» የሚል ሐሳብ መጣ። ልጁ በማግስቱ ለፈጅር አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም።

ኢማማችን ይህን ሲሰሙ አጭር ነገር ተናገሩ፦ «ሳይጣራ የሚፈረድበት ሰውም፣ ሳይጣራ የሚወጣ ገንዘብም የለም።» የማጣራቱን ሥራ ለእኛ፣ በመስጂዱ ለምናግዛቸው፣ ሰጡን።

ከኪታብ የተማርነው ዘዴ

በመድረሳ ኡሱሉል ፊቅህ የቀራ ሰው «ሰብር ወተቅሲም» የሚባለውን መንገድ ያውቃል። ይህ «ሰብር» ትዕግሥት ማለት የሆነው «ሶብር» አይደለም፤ በዐረብኛ በሲን የሚጻፈው፣ ትርጉሙም መመርመር፣ ጥልቀትን መለካት የሆነው ነው። «ተቅሲም» መከፋፈል ነው። ዑለሞች የአንድን ሑክም ምክንያት፣ ማለትም ዒላውን፣ ሲፈልጉ በመጀመሪያ ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉትን ነገሮች ሁሉ ይዘረዝራሉ። ከዚያ አንድ በአንድ እየፈተኑ የማያስኬደውን ይጥላሉ። ኢማም ገዛሊ «አል-ሙስተስፋ» በተባለው የኡሱል ኪታባቸው ካነሷቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ለደረሳ የሚሰጠው ምሳሌ የኸምር ነው። ኸምር ሐራም የሆነው ለምንድን ነው? ፈሳሽ ስለሆነ ነው? ውሃም ፈሳሽ ነው፤ ሐላል ነው። ከወይን ስለተሠራ ነው? ወይን ራሱ ይበላል፤ ጭማቂውም ይጠጣል። ቀይ ስለሆነ ነው? ቀይ የሆነ ሐላል መጠጥ ብዙ ነው። ማስከሩ ቀረ። ዒላው እሱ ነው። ስለዚህ የሚያሰክር ነገር ሁሉ ስሙና መልኩ ቢለያይም ሑክሙ አንድ ሆነ።

ሁለተኛው መሠረት የታወቀው ቃዒዳ ነው፦ የተረጋገጠ ነገር በጥርጣሬ አይነሳም። በሒጅራ 911 (በፈረንጆች 1505) ያረፉት ኢማም ሱዩጢ «አል-አሽባህ ወን-ነዛኢር» በተባለው ኪታባቸው ከአምስቱ ታላላቅ ቃዒዳዎች ጋር አስቀምጠውታል። ከሥሩ የሚወጣው አንዱ ቅርንጫፍ «በራአቱ-ዚማ» ነው፤ ሰው ዕዳ እንዳለበት እስኪረጋገጥ ድረስ ነፃ ነው ማለት ነው። ልጁ ነፃ መሆኑ የቂን ነው። ሰብሮታል የሚለው ጥርጣሬ ነው። የቂኑን የሚያነሳ ማስረጃ ካልመጣ ልጁ በነፃነቱ ይቆያል።

በእነዚህ ሁለት መንገዶች ሥራውን ጀመርን። ቴሌቪዥኑ ምስል ያላሳየበት ምክንያት ከሰባት ነገሮች አንዱ መሆን ነበረበት፦ ቴሌቪዥኑ ራሱ፣ የቴሌቪዥኑ የመግቢያ ምርጫ፣ ገመዱ፣ አዳፕተሩ፣ የታብሌቱ ቅንብር፣ የታብሌቱ ፖርት መጎዳት፣ ወይም ታብሌቱ ከመጀመሪያው ምስል በገመድ እንዲያወጣ ሆኖ አለመሠራቱ።

አንድ በአንድ

አንደኛ፣ መግቢያው። ቴሌቪዥን ከጀርባው ሁለት ወይም ሦስት የኤችዲኤምአይ መግቢያ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። ገመዱ ቁጥር 2 ላይ ተሰክቶ ሪሞቱ ቁጥር 1ን ከመረጠ ምስል አይመጣም። «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ቁልፍ ተጭነን ገመዱ የተሰካበትን ቁጥር መረጥን። ያው «ሲግናል የለም» ነው። ይህ ወደቀ።

ሁለተኛና ሦስተኛ፣ ቴሌቪዥኑና ገመዱ። አንድ ወንድም ላፕቶፕ አመጣ። በዚያው ገመድ፣ በዚያው መግቢያ ሰካነው። የላፕቶፑ ምስል ቁልጭ ብሎ ወጣ። በአንድ ሙከራ ሁለት ጥርጣሬ ወደቀ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሙከራ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ሲተውት ነው። ገመዱንም መግቢያውንም አዳፕተሩንም በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ቢሳካለት እንኳ የቱ ጥፋተኛ እንደነበር አያውቅም።

አራተኛ፣ አዳፕተሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ሌላ ወንድማችን በታይፕ ሲ በኩል ምስል የሚያወጣ ላፕቶፕ አለው። የራሱን አዳፕተር ትተን ከመርካቶ የመጣውን ሰካንበት። ምስል መጣ። አዳፕተሩ ደህና ነው፤ የሸጠው ነጋዴም ከሐሜት ዳነ። ስለ እሱም «አሮጌ ሸጠልን» የሚል ወሬ ጀምሮ ነበርና።

አምስተኛ፣ ቅንብሩ። ታብሌቱን አጥፍተን አበራነው። ያለበትን ሶፍትዌር አደስን። መሸፈኛውን አወለቅን፤ ወፍራም መሸፈኛ መሰኪያው እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላልና። ለውጥ የለም።

ስድስተኛ፣ ፖርቱ። ልጁ የተከሰሰበት ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አልቸኮልንም። በብርሃን ተመለከትነው፤ የተጣመመ ነገር የለም። ቻርጀር ሰካንበት፤ ቻርጅ ያደርጋል። ፍላሽ ሰካንበት፤ ፋይሎቹን ከፈተ። መሰኪያውን ገልብጠን በሌላው ፊቱም ሞከርን፤ አሁንም ይሠራል። ይህ ጠንካራ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም። ምክንያቱን ቀጥለን እንገልጻለን።

ሰባተኛ፣ የአሠራሩ ነገር። በቅንብሩ ውስጥ «ስለ ታብሌቱ» ከሚለው ሥር ትክክለኛውን የሞዴል ቁጥር ወሰድን። በአምራቹ ዝርዝር ላይ ስለ ፖርቱ የተጻፈውን አነበብን፦ «ታይፕ ሲ፣ ዩኤስቢ 2.0»። ከዚያ በላይ ምንም የለም። ጉዳዩ እዚህ ላይ ተዘጋ።

ታይፕ ሲ የፖርቱ ቅርፅ ነው

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንግለጸው። ታይፕ ሲ ይፋ የሆነው በፈረንጆች 2014 ነው። ዓላማው አንድ ዓይነት አፍ ለሁሉም እንዲሆን ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ አዳዲስ ስልኮችና ታብሌቶች በዚሁ እንዲሞሉ አስገድዷል። ነገር ግን ታይፕ ሲ የአፉ ቅርፅ ስም ነው። በዚያ አፍ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ አምራቹ ይወስናል።

በዚያች ትንሽ አፍ ውስጥ 24 የመገናኛ ነጥቦች አሉ። ከፊሎቹ ኤሌክትሪክ ያስገባሉ። ሁለት መስመር ዩኤስቢ 2.0 የሚባለውን ቀርፋፋ የመረጃ ልውውጥ ይሸከማል፤ ፍላሽ የሚነበበው በዚህ ነው። አራት ጥንድ ደግሞ ለፈጣን መረጃ የተለዩ ናቸው። ምስል በገመድ የሚወጣው በእነዚህ ፈጣን ጥንዶች ላይ ነው፤ ይህም አሠራር «ዲስፕሌይፖርት ኦልተርኔት ሞድ» ይባላል። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል በብዙ ታብሌቶች እነዚህ ፈጣን መስመሮች ከውስጥ ከምስል አመንጪው ክፍል ጋር አይገናኙም። አፉ አለ፤ ከኋላው መንገድ የለም። ከውጭ ሲያዩት ግን ምስል ከሚያወጣው ታብሌት ጋር ምንም ልዩነት የለውም።

ቻርጅ ማድረጉና ፍላሽ ማንበቡ የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም ያልነው ለዚህ ነው። እነሱ የሚያረጋግጡት የኤሌክትሪኩንና የቀርፋፋውን መስመር ደህንነት ነው። የፈጣኑን መስመር ነገር የሚቆርጠው የአምራቹ ዝርዝር ነው። እሱም «ከመጀመሪያው የለም» አለ። የሌለ ነገር ደግሞ አይሰበርም።

ለምሳሌ በገበያ የታወቁትን ብናነሳ፦ ሳምሰንግ በ2019 ያወጣው ጋላክሲ ታብ ኤስ6 በገመድ ምስል ያወጣል። በ2020 የወጣው ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት ግን ዩኤስቢ 2.0 ስለሆነ አያወጣም። ስማቸውን የሚለየው አንድ ቃል ነው። አፕል ታይፕ ሲን በአይፓድ ፕሮ በ2018፣ በአይፓድ ኤር በ2020፣ በአይፓድ ሚኒ በ2021፣ በመደበኛው አይፓድ በ2022 አስገባ፤ እነዚህ ምስል ያወጣሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት ላይትኒንግ የሚባለው ጠባብ አፍ ያላቸው ሲሆኑ ለእነሱ የታይፕ ሲ አዳፕተር አይሆንም፤ የራሳቸው የላይትኒንግ አዳፕተር ይፈልጋሉ።

ልጁ ሲመለስ

ውጤቱን ለኢማማችን አቀረብን። እሳቸውም በቀጣዩ ቀን ከመግሪብ በኋላ ልጁን ከቤቱ አስጠሩት። መጀመሪያ ጥፋተኛ ያሉት አባት በሰው ፊት ተነሥተው «ልጄ፣ በጥርጣሬ ስምህን አንሥቻለሁ፤ አውፍ በለኝ» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ እጃቸውን ሳመ። ማግስቱን ለፈጅር ማይኩን ያስተካከለው እሱ ነበር።

እነዚህ አባት ትልቅ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ሆኖ በልጅ ፊት አውፍታ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ይህን እዚህ የምንጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው። ማጣራቱ ባይደረግ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? አዲስ ታብሌት ይገዛል። ምናልባት አዲሱ ምስል የሚያወጣ ዓይነት ይሆናል፤ ይሠራል። ያኔ ሁሉም «አያችሁ፣ አሮጌው ተሰብሮ ነበር» ይላል። የልጁ ጥፋት በሁሉም ልብ ውስጥ የተረጋገጠ ይሆናል። አንድ ነገር በመሥራቱ ብቻ የቀድሞው ፍርድ ትክክል ነበር ማለት እንዳልሆነ ማን ያስታውሳል? ልጁም ዕድሜውን ሙሉ የመስጂድን ዕቃ የሰበረ ሆኖ ይኖር ነበር።

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣ አጣሩ፣ ሳታውቁ ሰዎችን ጎድታችሁ እንዳትጸጸቱ የሚል ትምህርት አለ። 12ኛው አንቀጽ ደግሞ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ያስተምረናል። አብዛኞቻችን እነዚህን አንቀጾች ለትልልቅ ፊትና፣ ለፖለቲካ ወሬና ለትዳር ጠብ እናስቀምጣቸዋለን። በመስጂድ ውስጥ ስለተሰካ ገመድም ይሠራሉ።

ታዲያ እናቶቻችን እንዴት ተማሩ?

አዲስ ታብሌት አልተገዛም። በዚያው ሳምንት የተደረገው ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው። አብዛኛው ቴሌቪዥን ከጎኑ ወይም ከጀርባው የፍላሽ መሰኪያ አለው፤ ፎቶም ያሳያል። የኪታቡን ገጾች ፎቶ አድርገን በተራ ቁጥር ፍላሽ ላይ ጫንናቸው። ፒዲኤፍ የማይከፍት ቴሌቪዥን ብዙ ስለሆነ ወደ ፎቶ መቀየሩ የግድ ነው። ከፎቅ አንዲት እህት ሪሞት ይዛ ኡስታዙ «ቀጣዩ ገጽ» ሲል ታሳልፋለች። «ቱሕፈቱል አጥፋል» 61 ቤት ብቻ ስለሆነ በዚህ መንገድ በደንብ ተኬደበት።

ፎቶው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ኡስታዙ በጣቱ የሚያሰምረውን አያሳይም። ስለዚህ ከምክክር በኋላ «ዲስፕሌይሊንክ» በሚባለው አሠራር የሚሠራ አዳፕተር ተፈለገ። ይህ ከተለመደው አዳፕተር ይለያል። በውስጡ የራሱ ምስል ሠሪ ቺፕ አለው። ታብሌቱ ላይ በሚጫን መተግበሪያ አማካይነት ምስሉ እንደ ተራ መረጃ በዩኤስቢ ይላክና አዳፕተሩ መልሶ ምስል ያደርገዋል። የምስል መስመር ለሌለው የአንድሮይድ ታብሌት መውጫ የሚሆነው ይህ ነው። ለፊልም የሚሆን ፍጥነት አይጠበቅበትም፤ ለኪታብ ገጽ ግን ይበቃል። አዳፕተሩ ኃይሉን ከታብሌቱ ስለሚወስድ ደርስ ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን መሙላት ያስፈልጋል። በመደብሩ ውስጥ፣ በራሳችን ታብሌት ላይ ሞክረን ነው የገዛነው። ዋጋው አዲስ ታብሌት ከሚጠይቀው በብዙ ያነሰ ሲሆን የቀረው የመዋጮ ገንዘብ ለሴቶች ውዱእ ማድረጊያ ቧንቧ ማሳደሻ ዋለ።

እናንተ ቤት ወይም መስጂድ ከገጠማችሁ

የእናንተ ችግር ከእኛው የተለየ ሊሆን ስለሚችል ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙትን በአጭሩ እንጥቀስ።

1. ገመዱ የቻርጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከብዙ ታብሌቶች ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ነጭ ገመድ ቻርጅና ቀርፋፋ መረጃ ብቻ ያሳልፋል። ሁለት ጫፉ ታይፕ ሲ ስለሆነ ብቻ ምስል ያሳልፋል ማለት አይደለም።

2. አዳፕተር አቅጣጫ አለው። ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስደው ከኤችዲኤምአይ ወደ ታይፕ ሲ ከሚያመጣው የተለየ ዕቃ ነው። ተገልብጦ አይሠራም።

3. ምስሉ ብልጭ እያለ ከጠፋ የኃይል ማነስን አስቀድማችሁ ጠርጥሩ። ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው አዳፕተር ከሆነ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ሞክሩ። ቀጥሎ የገመዱን ርዝመት ተመልከቱ። ገመድ በረዘመ ቁጥር ሲግናሉ ይዳከማል፤ በአጭር ገመድ ከሠራ ጥፋቱ የረጅሙ ገመድ ነው።

4. ሁሉም ነገር እየታየ አንድ ቪዲዮ ብቻ ጥቁር ከሆነ ብልሽት ላይሆን ይችላል። አንዳንድ የፊልም መተግበሪያዎች የቅጂ መከላከያ ስላላቸው ባልተፈቀደ መንገድ ወደ ሌላ ስክሪን አይተላለፉም።

5. ቻርጅም አልገባ ካለ የታብሌቱን አፍ በብርሃን እዩት። የኪስና የምንጣፍ ብናኝ ሊጠቀጠቅበት ይችላል። አጥፍታችሁ በእንጨት የጥርስ መፋቂያ በቀስታ አውጡት። መርፌና ብረት አታስገቡ።

6. ያለ ገመድም መንገድ አለ። አንዳንድ የአንድሮይድ ታብሌቶች «ሚራካስት» በሚባለው አሠራር ምስላቸውን ወደ ቴሌቪዥን ይልካሉ፤ በሳምሰንግ «ስማርት ቪው» ይባላል። ይህ ኢንተርኔት አይፈልግም። በአይፓድ ያለው «ኤርፕሌይ» ሲሆን ታብሌቱና ቴሌቪዥኑ በአንድ ዋይፋይ ላይ ቢሆኑ ይመረጣል። ቴሌቪዥኑም አሠራሩን የሚያውቅ መሆን አለበት።

ለላኪዎችና ለገዢዎች አንድ ቃል

በውጭ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ለመስጂድና ለመድረሳ ዕቃ ስትልኩ ሶደቃችሁ ሙሉ እንዲሆን አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ «ለምን ሥራ ነው የምትፈልጉት?» ለማንበብ ብቻ ከሆነ የትኛውም ይበቃል። በስክሪን ለማሳየት ከሆነ ዝርዝሩ ላይ «ዲስፕሌይፖርት» ወይም «ቪዲዮ አውት» የሚል ቃል ፈልጉ። «ዩኤስቢ 2.0» ብቻ ካለ በገመድ ምስል አይጠበቅበትም። «3.1» ወይም «3.2» ካለ ተስፋ አለው፤ እሱም ቢሆን ይጣራ።

እዚህ የምንገዛ ደግሞ ሻጩን «ይሠራል ወይ?» ብለን አንለፍ። ታብሌቱን ይዘን ሄደን በመደብሩ ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን እንይ። ሻጩም ከሐሰት ይድናል፣ እኛም ከጭቅጭቅ። የጀመዓ ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ከራሱ ገንዘብ ይልቅ ሊጠነቀቅለት ይገባል፤ ከራሱ ኪስ ያባከነውን ራሱ ይሸከመዋል፣ የጀመዓውን ግን ነገ በአላህ ፊት ባለ እንጀራዋ እህት ልትጠይቀው ትችላለች።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም አንድ ልማድ ብትይዙ መልካም ነው። ዕቃ ተበላሸ ሲባል «ማን ነካው?» ከማለታችሁ በፊት «የቱ ክፍሉ ነው ያልሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰው ያሸሻል። መስጂድ ለማገልገል የሚመጣ ወጣት ስንት ነው? አንዱ በሐሰት ቢከሰስ አሥሩ ማይክ መንካት ይፈራሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ወደ ዕቃው ይወስዳል፤ ዕቃው ደግሞ ሰዎች ሲፈትኑት አይቀየምም።

አሁን ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ፎቅ ላይ ሓእ ከሃእ ተለይቶ ይነበባል። ያቺ ሐጅያ እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ከስክሪኑ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት።

አላህ ዒልማችንን የሚጠቅመን ያድርገው። ምላሳችንን ሳያጣራ ከመናገር፣ እጃችንን አማናን ከማባከን ይጠብቅልን። ለዚህ ኸይር ሥራ ያዋጡትን፣ የላኩትንና የደከሙትን ሁሉ በመልካም ይመንዳቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።
ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።